ሽምግልና ከደመና በላይ

ተራራን ከሩቅ እዩት። ምክሩ በነፃ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ሰማያዊ ነው፣ ዝም ያለ ነው፣ የሰው ነገር አያመላልስም። የወጣችሁበት ቀን ግን እሱም እናንተን ያያችኋል። እሱ ሲያይ ደግሞ እንደ ጎረቤት በመጋረጃ ጥግ አይደለም፤ ከላይ ሆኖ፣ ሳያፍር፣ እስኪበቃው ነው።

ዴንቨር ውስጥ ሰው ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ተራራ ወጥተሃል ወይ?» ብሎ ነው። አልወጣሁም ስትለው እንደ በሽተኛ ያይሃል። እኔ ከጎኗ ያለችው አውሮራ ከገባሁ ብዙ ክረምት አልፏል፤ ተራራው ከሰፈራችን ጎማ ቤት ጣሪያ በላይ በኩሽናዬ መስኮት በየቀኑ ይታየኛል። በነፃ የማየውን ነገር ቤንዚን ጨርሼ ለምን ልርገጠው? ሰዉ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ብስክሌቱን መኪና ላይ ሰቅሎ፣ መኪናውን ተራራ ላይ ሰቅሎ፣ ራሱን ገደል ላይ ሰቅሎ ይውልና ሲመለስ «ሪላክስ አደረግኩ» ይላል።

የማወራላችሁ ተራራ ስሙን በቅርቡ ቀይረውታል። አሮጌውን መጥራት ነውር ነው አሉን፤ አዲሱን ደግሞ ምላሳችን ገና አልለመደውም። ስለዚህ ሐበሻው «ያ ተራራ» ይለዋል፤ «ያ» ሲል በአገጩ ወደ ምዕራብ ይጠቁማል፣ ያኔ ሁሉም ይገባዋል። በዴንቨር ዙሪያ፣ ከአውሮራም፣ ከሊትልተንም፣ ከግሪን ቫሊ ራንችም ቀና ያለ ሁሉ ያየዋል። መሀል ላይ ነው የተተከለው፤ ለማንም አያደላም። የኔም መከራ የመጣው ከዚህ ከማያደላው ጠባዩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ ደረጀና እኔ ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ሞልቶን ነበር። ጓደኛችን ሙላቱ ሲያርፍ፣ ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን እንዳነብ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው፤ ሱዳን፣ ስደተኛ ጣቢያ ውስጥ፤ ያስቆጠረኝም ራሱ ሙላቱ ነው። ዘግይቶ ፊደል የቆጠረ ሰው እንዴት ያለ እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ፣ ዘግይቶ እንዳገባ ሰው ነው። ያገኛትን ማንም ቀና ብሎ እንዲያይበት አይፈልግም።

ሳምንቱን ሙሉ ወረቀቱን ሳጠና ሰነበትኩ። ቀኑ ደረሰ፤ ቆምኩ፤ እስከ ግማሽ ድረስ አነበብኩና ትንሽ ዝም አልኩ። ዝም ነው ያልኩት፤ አቃተኝ አላልኩም። ይኼኔ ኮሌጅ የጨረሰው ደረጀ ከፊት ወንበር ተነሥቶ መጣ፤ «ልርዳህ ወንድም ጋሼ» ብሎ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደና በዚያ በሚያምር ድምፁ አንበልብሎ ጨረሰው። ሰዉ ሁሉ «ሲያነብ እንዴት ያምርበታል» አለ። ሬሳ ፊት። እኔ ሄጄ ቦታዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ለእሱ የሚሆን ቃል ከአፌ አልወጣም።

ይኼ እስከ መቃብር ይዘልቅ ነበር፤ እኔ በኩርፊያ የታወቅኩ ነኝ። ችግሩ ልጄ ሜሮን ልታገባ ሆነች። ሠርጉ ሲቃረብ ሳሎን መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ዳድ፣ አንተ ናይት ሺፍት ስትሠራ ስኩል ያመላለሰኝ አንክል ደረጀ ነው። ሆምወርክ ያሠራኝም እሱ ነው። በአንድ በኩል አንተ፣ በአንድ በኩል እሱ ካልያዛችሁኝ አዳራሽ አልገባም። ኮርት ሄደን እንፈርማለን። ሠርግ የለም፣ ኬክ የለም። አይም ሲሪየስ።»

ሲሪየስ መሆኗን በአፍንጫዋ አወቅኩ፤ የእናቷ አፍንጫ ነው፣ ሲቆጣ ይሾላል። እናትየዋም፣ ባለቤቴ አልማዝ፣ ከኩሽና ጨመረችበት።

«ልጄ ቬሎ ሳትለብስ ብትቀር፣ ስትሞት ያንተን የሕይወት ታሪክ የማነበው እኔ ነኝ። ከራሴ ምን ምን እንደምጨምርበት ታያለህ።»

ሽማግሌ ተላከ። ጋሽ ወልዴ ይባላሉ፤ ሊትልተን ነው የሚኖሩት። ዳውንታውን ዴንቨር ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ዕድሜያቸውን ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ የሰውን ጠብ ሁሉ በፓርኪንግ ነው የሚተረጉሙት። «ሁለታችሁ በጠባብ መስመር ፊት ለፊት ገብታችኋል» አሉኝ በስልክ። «አንዳችሁ ሪቨርስ ካላደረጋችሁ ትርፉ ክላክስ ነው።»

የት እንቀመጥ የሚለው ብቻውን ሌላ ሽምግልና ፈለገ። እኔ ቤት እሱ አይመጣም። ግሪን ቫሊ ራንች፣ እሱ ቤት፣ እኔ አልሄድም፤ እዚያ ሰፈር ቤቶቹ ሁሉ መንታ ናቸው፤ ድሮ አንድ ጊዜ ገብቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ሶፋ ላይ ከተደላደልኩ በኋላ ነው ግድግዳው ላይ ያሉት ፎቶዎች የማላውቃቸው ፈረንጆች መሆናቸው የታየኝ። ቤተ ክርስቲያን እንዳንል እኔ ኦርቶዶክስ፣ እሱ ጴንጤ፤ የአንዱ ደጅ ለሌላው የሰው ሜዳ ነው። ሐበሻ ምግብ ቤት ከተቀመጥን ደግሞ እኛ ሳንታረቅ የእርቁ ወሬ ሚነሶታ ይገባል።

«እንግዲያው ያ ተራራ» አሉ ጋሽ ወልዴ። «የማንም አይደለም። ከሦስታችንም ቤት ይታያል፤ ከሦስታችንም ቤት ይርቃል። ጫፉ ድረስ አስፋልት ነው። ሐሜተኛ ደግሞ እዚያ አይወጣም፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። እዚያ ላይ ቆሞ አገሩን ሁሉ ከሥሩ ያየ ሰው ቂሙ ታንሳለች።»

ቂሜ ታንስ እንደሆነ አላውቅም ነበር። የኩሽናዬን መስኮት ከወዲያ በኩል ማየት ግን፣ አልዋሽም፣ ትንሽ አጓጓኝ።

እሑድ ሄድን። ጋሽ ወልዴ ከቅዳሴ መልስ ሳይተኙ ምንም ነገር አይጀምሩም፤ ስለዚህ ስንነሣ ጀንበሯ አዘንብላለች። ሁለታችንም በእሳቸው አሮጌ ቶዮታ እንድንገባ አዘዙ፤ የተጣላ ሰው በየመኪናው ከሄደ በየመኪናው ይመለሳል አሉ። እኔ ታላቅ ነኝና ፊት ተቀመጥኩ። ደረጀ ከኋላዬ ገባ፤ ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ ነው።

«ጋሽ ወልዴ» አልኩ ዳገቱን ስንጀምር፣ «መስኮቱን ይዝጋ ይበሉልኝ።»

«ደረጀ፣ መስኮቱን ዝጋ ይልሃል።»

«ንፋስ ካላገኘሁ ያስመልሰኛል ይበሉልኝ።»

«ያስመልሰኛል ይላል።»

«ወደ ራሱ በኩል ያስመልስ ይበሉት።»

«ልጆች፣ እኔ እየነዳሁ ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ።

እውነት ቢሆን ደስ ባለኝ። ጋሽ ወልዴ ምሳሌ ሲናገሩ ሁለት እጅ ያስፈልጋቸዋል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ጠርዙ ላይ መከለያ የለውም፣ በኔ በኩል ያለው ነገር አየር ብቻ ነው። እሳቸው መሪውን ትተው በሁለት መዳፋቸው የሰውን ልጅ ትዕግሥት ስፋት ያሳዩናል። እኔ ደግሞ ምልክት ሳላነብ ማለፍ አልችልም፤ ዘግይቼ ስለጀመርኩ የቀረብኝን ሁሉ እየለቀምኩ ነው። «ድንጋይ ይወድቃል ይላል» አልኩ። «ጠባብ ነው ይላል።» «ንፋስ አለ ይላል።»

«ተው አታንብበው ልጄ» አሉ። «ያልተነበበ ድንጋይ አይወድቅም።»

ዛፎቹ አንድ ቦታ ሲደርሱ አብረን አንሄድም ብለው ቀሩ። የመጨረሻዎቹ ቅርንጫፍ ያላቸው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ሁሉም ወደ መጣንበት፣ ወደ ታች የዘረጉት እጅ ይመስላሉ። ተመለሱ የሚል ምልክት መንግሥት አልተከለም፤ እነሱ ግን ተክለውታል። ጆሮዬ ተደፈነ። አገራችን ሽማግሌ የሚቀመጠው ዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ እኛ ዛፍ እንኳ ፈርቶ የቀረበት ቦታ ልንታረቅ እንወጣለን።

ጫፉ ጋ ስንደርስ የፓርኪንጉ ቦታ ባዶ ነበር፤ ከአንዲት ነጭ መኪና በቀር። ውስጧ ሰው የለም። መስታወቷ ላይ ከውስጥ በኩል የመዳፍ አሻራ አለ። ጋሽ ወልዴ ከልማድ የተነሣ ዞር ዞር ብለው አዩዋትና «መስመር ውስጥ ነው ያቆመው» ብለው አለፉ። ባለቤቷን እስከ መጨረሻው አላየነውም፤ ያን ቀን የት እንደቆመ እስካሁን አላውቅም፣ ባላውቀው ይሻለኛል።

ከመኪናዋ ራቅ ብሎ ጣሪያ የሌለው የድንጋይ ቤት ፍራሽ አለ። መስኮቶቹ ክፍት ናቸው፤ ደመና በአንዱ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል፣ እንደ ቤተኛ።

ከዚያ በኋላ አገሩን አየነው። ለትንሽ ጊዜ ብቻ። በምሥራቅ ደመናው ተቀደደና ዴንቨር ከሥር ታየች፤ ያ ሁሉ የዳውንታውን ፎቅ ስቴኪኒ አክሏል። አውሮራ እንደ ተደፋ ጤፍ ናት። የኩሽናዬን መስኮት ፈለግኩ፤ ሰፈሬን እንኳ አላገኘሁም። በምዕራብ ደግሞ ተራራ ከተራራ ጀርባ፣ ከዚያም ጀርባ ተራራ፤ ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተው የተኙ ከብቶች ይመስላሉ፣ የሆነ ሰው ቢጮህ የሚነሡ። እኔ በበኩሌ ድምፄን ቀነስኩ።

ደመና ከላይ የሚመጣ ይመስለን ነበር። ያን ቀን ከሥር መጣ። ገደሉን እየዳሰሰ ወጣና ከተማውን ሸፈነ፣ መንገዱን ሸፈነ፣ ቶዮታውን ሸፈነ። ዝምታው ጆሮ ውስጥ ይጮኻል። የልቤን ምት ሰማሁ፤ ቀጥሎ የኔ ያልሆነ ሌላ ምት ሰማሁ፤ የደረጀ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

«ልጆች፣ መጣሁ» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ፊኛዬ ብርድ አይወድም።»

ጥቂት ተራመዱና ከታች መጥፋት ጀመሩ። መጀመሪያ እግራቸው ጠፋ፣ ቀጥሎ ወገባቸው። ኮፍያቸው ብቻዋን ትንሽ ስትሄድ ታየች፤ እሷም ሄደች።

አሁን አስቡት። ደረጀና እኔ ቀረን። በመካከላችን ቃል የሚያቀብል የለም። እኔ ወደዚያ ዞሬ ቆምኩ፣ እሱ ወደዚህ ዞሮ ቆመ። ቆየን። በጣም ቆየን። ከድንጋዮቹ መሀል አንድ ነገር ወጣ፤ ነጭ ነው፣ ጢም አለው፤ ጋሽ ወልዴ መስለውኝ «ምነው ዘገዩ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ፍየል ናት። የተራራ ፍየል። መሀላችን መጥታ ቆመችና አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን እያየች ማኘክ ጀመረች። ሽማግሌ የሚያደርገውም ይኼንኑ ነው።

«ፍየሏ» አልኩ፣ «ለዚያ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ነው የቆመው በይልኝ።»

ፍየሏ አኘከች።

«ፍየሏ» አለ ደረጀ፣ «ገደሉ በእሱ በኩል ነው ያለው በዪው።»

ዞር ብዬ አየሁ። በኔም በኩል ነበር።

«ጋሽ ወልዴ» ብዬ ተጣራሁ፤ አሁን ድምፄ ትንሽ ከፍ ብሏል።

«ወይ» አለ ድምፅ ከገደሉ ሥር። ወዲያው ደግሞ «ወይ» አለ ከጀርባችን፣ ከፍራሹ ቤት ውስጥ። ሁለቱም የእሳቸው ድምፅ ነው። ፍየሏ ጆሮዋን አቆመች፣ ወደ ታችኛው አየች፣ ከዚያ እኛን ትታን ሄደች። ፍየል የተወችው ቦታ ላይ መቆም ምን ያህል ልብ እንደሚያርድ የቆመ ያውቀዋል።

ይኼኔ ከኋላችን፣ በምዕራብ፣ ጀንበሯ ከደመናው ጫፍ ሥር ብቅ አለች። ማጅራቴ ሞቀ። ከፊቴ፣ ገደሉ ላይ፣ ምንም መቆሚያ በሌለበት ቦታ፣ ሰው ቆሟል።

ሰው ስላችሁ የሰው ቁመት እንዳይመስላችሁ። እግሩ ከኔ እግር ይጀምራል፤ ጭንቅላቱ ዴንቨርን አልፏል። ጥቁር ነው። ፊት የለውም። ጭንቅላቱን ግን የብርሃን ቀለበት ከቦታል፤ ውጪው ቀይ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፤ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ እንደተሳሉት ቅዱሳን። እጄን ለማማተብ አነሣሁ፤ እሱም አነሣ። አማተብኩ፤ አማተበ። ሰይጣን አያማትብም አልኩ በልቤ። እንግዲህ ይኼ እኔ ነኝ ማለት ነው።

ከጎኑ ሌላ ግዙፍ ጥቁር ቆሟል፤ ደረጀ መሆኑ ነው። ቀለበት የለውም። ጥላሸት ብቻ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ደስ አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሁለታችን ልክ ማን ነው እያልኩ እግዜርን ስጠይቅ ከርሜ ነበር፤ እሱ ደግሞ መልሱን በሰማይ ላይ፣ በቀለም አወጣው። ደረጀ አፈረ ብዬ ዞሬ ሳየው ፊቱ ላይ ያለው እፍረት አይደለም።

«አየኸው?» አለኝ። ለማንም አይደለም፤ ለኔ።

«አየሁት።»

«ብርሃኑን?»

«አየሁት አልኩህ። ጭንቅላቴ ላይ ነው።»

ለስለስ አድርጎ፣ ለበሽተኛ እንደሚነገር፣ «የኔ ላይ ነው እንጂ» አለ።

«ያንተማ ጥላሸት ነው።»

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ በአክሊል በሥዕል አላምንም፤ ለመዋሸት ምክንያት የለኝም። ግን የኔ ላይ ነው። ያንተ ባዶ ነው።»

«እስቲ ጎንበስ በል።»

ጎንበስ አለ። ጥላው አብሮ ጎነበሰ።

«ቀለበቱ ወረደ?» አልኩት።

«አብሮኝ ወረደ።»

«አልወረደም። እዚሁ እኔ ላይ ነው ያለው።»

ተያየን። እርግጥ ነው፣ ወንድሜ ሐሰተኛ ነው ብዬ ሁለት ዓመት አምቻለሁ። ዓይኔ እያየ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ ደመና ምስክር ቆሞ ይዋሻል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም። እሱም ያንኑ እያሰበ እንደነበር ካንገቱ አኳኋን ያስታውቃል።

ጋሽ ወልዴ ይኼን ጊዜ ከደመናው ወጡ። በባዶ እግራቸው ናቸው፤ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል፣ ካልሲው ውስጡ ነው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ጫማችሁን አውልቁ ልጆች» አሉ በሹክሹክታ። «የተቀደሰ ቦታ ነው። አክሊል ወርዶብኛል።»

«እርስዎ ላይ?» አልን ሁለታችንም።

«እኔ ላይ። ተመልከቱ። እናንተ እኮ ሁለታችሁም ከሰል ናችሁ። እግዚአብሔር ለአስታራቂ የሚሰጠው ነው።»

ተመለከትን። የእሳቸው ጥላ ደጋን ጀርባ፣ ኮፍያ፣ ከእጁ የተንጠለጠለ ጫማ አለው፤ ቀለበት ግን የለውም።

ሜሮን በኋላ ስልኳን አውጥታ አስረድታኛለች። ፀሐይ ከኋላ፣ ደመና ከፊት ሲሆን ሰው የራሱን ጥላ ያያል፤ ቀለበቱም የብርሃን ነገር ነው፤ ማንኛውም ሰው የሚያየው በራሱ ጭንቅላት ዙሪያ ብቻ ነው፣ የሌላውን አያይም አለችኝ። ይኼን ለማወቅ ተራራ አያስወጣም ነበር። አውሮራ ውስጥ የትኛውም የእድር ስብሰባ ላይ ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል። ያን ጊዜ ግን የሚያስረዳ አልነበረም፤ ሦስት ሰዎች ነበርን፣ አንድ አንድ አክሊል ያለን፣ ሁለት ሁለት ውሸታም የምናይ።

ጋሽ ወልዴን አክሊሉ አጀገናቸው። ጫማቸውን ድንጋይ ላይ አስቀመጡና ድምፃቸውን ቀየሩ።

«ደረጀ፣ ታናሽ ነህ። እንደ አባቶችህ ድንጋይ ተሸክመህ ታላቅህ እግር ላይ ውደቅ።»

«ጋሽ ወልዴ፣ እዚህ ድንጋይ መውሰድ ክልክል ነው። ታች ቦርዱ ላይ ተጽፏል።»

«አንብቤዋለሁ» አልኩ እኔ። «መውሰድ ነው የሚለው። መሸከም አይልም።»

ደረጀ አየኝ። እልህ የቤታችን ነገር ነው። ጠጠር ብጤ አንሥቶ ትከሻው ላይ ጣል ቢያደርግ ማንም አይናገረውም ነበር፤ እሱ ግን የሰው ጭንቅላት የሚያክለውን ትቶ የበግ ጭንቅላት የሚያክለውን፣ እሱንም ትቶ በጉን የሚያክለውን አቅፎ አነሣና ማጅራቱ ላይ አወጣው። እዚያ ከፍታ ላይ የጫማ ክር ማሰር ትንፋሽ ይወስዳል። ፊቱ ጠቆረ። ደመናው ላይ ያለው ጥላው ጎባጣ ሆነ፣ አደገ፣ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ ጀመር። ደረጀ ዓይኑን ከጥላው ላይ መንቀል አቃተው። ወደኔ መምጣት ሲገባው ወደ እሱ ሄደ፤ እንደተጠራ ሰው፣ ፈገግ ብሎ።

«ደረጀ» አልኩ። በስሙ ስጠራው ራሴን ሰማሁት። «ደረጀ፣ ቁም።»

አልቆመም። ከእግሩ ሥር ትንሽ ድንጋይ ተንከባለለችና ወደ ነጩ ውስጥ ገባች። ስትወድቅ ድምፅዋን ጠበቅን። አልመጣም።

ሮጥኩ። መሮጥ ነው እንበለው፤ ተንፏቀቅኩ። ኮሌታውን ከኋላ ጨበጥኩና ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩት። ድንጋዩ ከማጅራቱ ወርዶ ከጫማዬ አጠገብ ተተከለ፤ እኛ ተያይዘን በቂጣችን ወደቅን፣ ጭንቅላታችን እንደ ሁለት ቅል ተጋጨ። እኔ አልለቀቅኩትም። እሱም ጃኬቴን በሁለት እጁ ይዟል። ትንፋሽ እስኪመለስልን ድረስ ጭንቅላታችን ጎን ለጎን እንደተጣበቀ ቀረን።

«ፊደሉ ጠፍቶህ መስሎኝ ነው» አለ ጆሮዬ ሥር።

«የቱ?»

«ሙላቱ ቀብር ላይ። ዝም ስትል። ሰዉ እየጠበቀህ ነበር፣ እንዳይስቁብህ ብዬ ነው።»

«ፊደሉ አልጠፋኝም» አልኩት። «ብዙ ሰው ፊደል አስቆጥሯል የሚለው ጋ ነበር የደረስኩት። ፊደሉ እዚያው ነበር። ዓይኔ ነው የጠፋኝ።»

«እያለቀስክ ነበር?»

«ዝም ብዬ ነበር።»

ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ብርዱ ነው ብያለሁ፤ ለእሱም እንደዚያ ብዬ ነው የማወራለት።

«ይቅር በለኝ ወንድም ጋሼ። ያኔ ሳትጨርስ ባልወሰድኩብህ።»

«ይቅር ለእግዜር» አልኩት።

«ሜሮንን በየት በኩል ልያዛት?»

«በግራ። ቀኙ የኔ ነው።»

«እሺ።»

«ሱፍህን ደግሞ በልክህ አሰፋ። ሙላቱ ቀብር ላይ የለበስከው እጅጌው ረጅም ነበር።»

«እሺ አልኩህ።»

ጭንቅላታችንን ሳናላቅቅ ዓይናችንን ቀና ስናደርግ ጥላችን እዚያው ነበር። አንድ ሆኗል፤ ትልቅ፣ ሰፊ፣ ሁለት ጭንቅላት ያለው ፍጥረት፤ ቀለበቱም ሁለቱን ጭንቅላት አንድ ላይ ከቦታል። እንደዚያ ያለ ነገር ሕፃን ቢያይ ዕድሜውን ሙሉ አይተኛም።

«አሁንስ ማን ላይ ነው?» አልኩት።

«ሁለታችንም ላይ» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ያንተስ ዓይን ማን ላይ ያየዋል?» አለኝ።

«እንደዚያው።»

ትንሽ ራቅ ብል ቀለበቱ አብሮኝ መጥቶ እሱ ጥላሸት እንደሚሆን አውቄያለሁ። እሱም በእሱ በኩል ያንኑ እንዳወቀ ጃኬቴን ከያዘበት አያያዝ አወቅኩ። ስለዚህ ማናችንም አልተንቀሳቀስንም። ጋሽ ወልዴ ከኋላችን በባዶ እግራቸው እየተንቀጠቀጡ «ታረቃችሁ ማለት ነው?» ይላሉ። «ታረቃችሁ ከሆነ እንውረድ፣ መንገዱ ሳይጨልም» ይላሉ። ጀንበሯ ወደ ተኙት ተራሮች ጀርባ እየሰጠመች ሄደች። ቀለበቱ ሳሳ፣ ከዚያ ጠፋ። ግዙፉም ከጭንቅላቱ ጀምሮ እየቀለለ፣ ዴንቨርን በውስጡ እያሳየ፣ ጠፋ። ከወንድሙ ቀድሞ ጭንቅላቱን የሚያላቅቅ ግን ጠፋ።